የፖዝናኑ ገላው ወንድሙን ሊቀበል ሄደ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ገላው የሚባሉ ሦስት ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። አንዱ ረጅሙ ገላው ነው። ሁለተኛው መሪጌታው ገላው ይባላል፤ ድግስ በተገኘ ቁጥር ማንም ሳይለምነው የሚያዜመው ነው። ሦስተኛው፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት፣ የፖዝናኑ ገላው ነው። ፖዝናን ተወልዶ አይደለም፤ የጉለሌ ልጅ ነው። ነገር ግን በወጣትነቱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ፖላንድ ሄዶ፣ ዋርታ የሚባል ወንዝ በሚያቋርጣት በፖዝናን ከተማ ምህንድስና ተምሯል። ምህንድስናው አሜሪካ ሲደርስ ታክሲ ሆነ፤ ከተማዋ ግን ከአፉ አልተለየችም።

ናሽናል ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ሰው ስለ ዝናብ ካወራ እሱ ስለ ፖዝናን ዝናብ ያወራል። ዳቦ ከተነሣ የፖዝናን የዳቦ ሰልፍ ይከተላል። የማዘጋጃ ቤቱ ማማ ላይ ቀትር ሲሆን ሁለት ፍየሎች ከሰዓቱ በላይ ብቅ ብለው ቀንድ ለቀንድ እንደሚጋጩ ሲናገርማ፣ ረጅሙ ገላው «ጾም ሲገባ ነው አይደል የሚታዩህ?» ይለው ነበር። ፍየሎቹ እውነት ናቸው። በሞተር የሚንቀሳቀሱ የተሠሩ ፍየሎች መሆናቸውን ግን ገላው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወሬ ሲያወራ ጨው አይቆጥብም።

ከወሬዎቹ ሁሉ አውራው የከተማዋ ስም አመጣጥ ነው።

«ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ» ብሎ ይጀምራል፣ መሪውን ለቅቆ እጁን እያወናጨፈ። «ሌኽ፣ ቼኽ እና ሩስ። አገር ጠበባቸውና ተለያዩ። ቼኽ በአንድ በኩል ሄዶ የቼኮች አባት ሆነ፣ ሩስ በሌላ በኩል ሄዶ የሩሶች አባት ሆነ፣ ሌኽ የፖላንዶች። ስንትና ስንት ዘመን ሳይተያዩ ኖሩ። አንድ ቀን ዋርታ ወንዝ ዳር ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጢማቸው እስከዚህ ድረስ፣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ፣ ተባባሉ? የለም! ገና ከሩቅ ተዋወቁ። ከደስታቸው ብዛት እዚያው ከተማ ቆረቆሩ። ስሟም ከመተዋወቅ የመጣ ነው። ፖዝናን አሏት።»

ይህን ወሬ የነገሩት የተማሪዎች መኝታ ቤት በር ጠባቂ የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ በመጀመሪያው ክረምት፣ ብርዱ አጥንቱ ገብቶ ብቻውን ሲተክዝ አይተውት። ስላጽናናው ወደደው። የወደደውን ነገር ደግሞ እውነት ነው ብሎ መያዝ ከጥንቱም ልማዱ ነው።

አንድ ጊዜ ከኪንግ ስትሪት ያሳፈራቸው ሴት ፖላንዳዊት ሆነው ተገኙ። ገላው በደስታ ፈነደቀ፣ ፖሊሽኛውን ከሰቀለበት አወረደ፣ ወንድማማቾቹንም አመጣቸው። ሴትዮዋ አዳምጠው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

«ይኼ የልጆች ተረት ነው» አሉት። «ሊቃውንቱ የሚሉት ከተማዋ ፖዝናን በሚባል ሰው ስም ተጠራች ነው። ምናልባት የቦታው ጌታ ነበር።»

«የሰውየው ስምስ ምን ማለት ነው?»

«የታወቀ፣ የተለየ እንደማለት ነው።»

«ይኸው!» አለ ገላው መሪውን መትቶ። «እንግዲህ ያወቀው ሰው ነበር ማለት ነው። ማን ነው ያወቀው? ወንድሙ ነዋ!»

ሴትዮዋ እስኪወርዱ ሳቁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው ይባላል፤ የፖዝናኑ ገላው ግን ከሥሩ ይልቅ ጥሩው ነበር የሚስማማው።

ለምን እንዲህ እንደሚሟገት ተራ ላይ ያሉት ጓደኞቹ አያውቁም። ገላው ወንድም አለው። ደሳለኝ ይባላል። ገላው ከአገር ሲወጣ ደሳለኝ የወተት ጥርሱ ገና አልወለቀም ነበር። እናታቸው ገበያ ሲውሉ አዝሎ ያባበለው፣ ንፍጡን የጠረገለት፣ ፊደል ያስቆጠረው ገላው ነው። «በክረምቱ ዕረፍት እመጣለሁ» ብሎት ሄደ። ክረምቱ መጣ፣ ሌላውም ክረምት መጣ። የአገሩ ነገር እንደሚታወቀው ነበርና ትምህርቱን ጨርሶ በመመለስ ፈንታ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በመካከሉ አባታቸው ሞቱ። የቀብራቸው ቀን ገና ጎረምሳ ያልሆነው ደሳለኝ ከሰው ፊት ቆሞ ሐዘንተኛ ሲቀበል፣ ለታላቅየው የመርዶው ደብዳቤ እንኳ አልደረሰውም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ይደውላል፣ ፎቶ ይላላካሉ፤ ስለ አባታቸው ግን ሁለቱም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ገላው የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ወንድሙ በልቡ ቂም ይዞበት እንደሆነ።

ታዲያ ደሳለኝ ዲቪ ደረሰው። ገላው ቤት የተነሣው እልልታ ኮሪደሩን አልፎ ሊፍቱ ድረስ ተሰማ። ሚስቱ፣ የወይንሐረግ፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር ሳይመጣ የምትዘጋጅ ሴት ናት። የመምጫው ቀን እንደተቆረጠ ካርቶንና ማርከር አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት።

«ስሙን በትልቁ ጻፈው» አለችው። «ደለስ ኤርፖርት ያንን ሁሉ ሐበሻ ነው የሚያወርደው። ኤቭሪባዲ ነው እንደዚህ የሚያደርገው።»

«የገዛ ወንድሜን በካርቶን ልጠራው?»

«እሺ፣ የላከውን ፎቶ እንኳ ያዝ።»

«ወይን፣ እኔ ያዘልኩት ልጅ ነው። ጀርባዬ ያውቀዋል!»

«ጀርባህ ካወቀውማ ወደ ኋላ እየሄድክ ተቀበለው» አለችና ወደ ወጧ ተመለሰች።

ጓደኞቹም አብረን እንሂድ ብለው ነበር። እንግዳ በሦስትና በአራት መኪና መቀበል ያለ ነው፤ ብቻውን የተቀበሉት ሰው ዘመድ የሌለው ይመስላል። ገላው ግን እምቢ አለ። ያንን የመተዋወቂያ ደቂቃ ለማንም ማካፈል አልፈለገም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ለእንዲህ ያለው ነው።

ከሰዓት በኋላ የፍራንክፈርቱ አውሮፕላን አረፈ። ደለስ ኤርፖርት መውጫው በር ላይ አበባ የያዘው፣ ካርቶን የያዘው፣ ልጅ ትከሻው ላይ ያስቀመጠው ተጠቅጥቋል። ገላው ባዶ እጁን ከሁሉም ፊት ቆሟል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የደረት ራጅ ያለበትን ትልቅ ፖስታ ያቀፈ ዲቪ ያንገላታው ሐበሻ ብቅ ይላል። ከዚያ አንዱ ወጣ። ቀጠን ያለ፣ ኮቱ ከትከሻው የሰፋ፣ ግንባሩ ገላጣ። የአባታቸው ግንባር! ገላው ገመዱን ዘሎ ተጠመጠመበት። በግራ ሳመው፣ በቀኝ ሳመው፣ እንደገና በግራ ሳመው፣ ከዚያም አንገቱ ሥር ገብቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ወንድሜ! አዝዬ ያሳደግሁህ! ሰው ሆነህ አየሁህ!»

ወጣቱ መጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ቀጥሎ የገላውን ጀርባ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገ። «አይዞዎት» አለ። «አይዞዎት ጋሼ።»

ገላው እንባውን እየጠረገ ሻንጣውን ነጠቀና ወደ መኪናው ይዞት በረረ።

መንገድ ላይ የሆነውን ለማመን የሐበሻን ሰላምታ ማወቅ ያስፈልጋል።

«እማማ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጤናቸውስ?»

«ደህና፣ ክብሩ ይስፋ።»

«ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሰዉ ሁሉ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ ተመስገን።»

በዚህ ዓይነት ሰላምታ ሰው ከወንድሙ ጋርም፣ ካላየው ሰው ጋርም እኩል መጓዝ ይችላል። ወጣቱ ሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ገላው ግን «ቤት! ቤት ስንደርስ ታወራኛለህ፤ አሁን ይኼን ሀይዌይ እየው!» እያለ አፉን ያዘው። «እርስዎ» መባሉንም ልብ አላለውም፤ ልቡ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሲጨናነቅ ድምፁ ተለወጠ።

«አንተን ሳላይ ልናገረው የማልችለው ነገር ነበረኝ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «አባባ ሲሞቱ አልመጣሁም። ልጅ ሆነህ ብቻህን ቀበርካቸው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ይህን ልልህ እጀምርና ስለ አየሩ እጠይቅሃለሁ። ፈርቼህ ነው። ይቅር በለኝ።»

ወጣቱ ፖስታውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ይቅር በለኝ ያለን ታላቅ ሰው ዝም ማለት ነውር ነው፤ አስተዳደጉ አይፈቅድለትም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ገላው በረጅሙ ተነፈሰ። ስንት ዘመን የተሸከመው ነገር ከትከሻው ወረደለትና እስከ አሌክሳንድሪያ መውጫ ድረስ የፖላንድ ዘፈን ዘፈነለት።

የአፓርትመንቱን በር በትከሻው ገፍቶ «እልል በይ!» እያለ ገባ። የወይንሐረግ አላለችም። የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ገመዱ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን ተወጥሮ፣ መጀመሪያ እሱን አየችው፤ ከዚያ እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ገላው፣ ይኼ ማነው?»

«ማነው ትላለች እንዴ! ደሳለኝ ነዋ!»

«ደሳለኝማ ኤርፖርት ነው። ይኸው ኮል አድርጎ እያናገረኝ።»

ገላው ወደ እንግዳው ዞረ። እንግዳው አንገቱን ደፋ።

«በፈቃዱ እባላለሁ» አለ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚቀበለኝን ሰው በመልክ አላውቀውም፤ መጀመሪያ እርስዎ መሰሉኝ። አዝዬ ያሳደግሁህ ሲሉ ነው የገባኝ። ግን እንደዚያ እያለቀሱ እኔ አይደለሁም እንዴት ይባላል? ትንሽ ሲረጋጉ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሻንጣዬን ያዙ። ከዚያ ዘፈኑ። እየባሰ ሄደ።»

«እና ይቅርታ ስጠይቅህ...?»

«ይቅር ለእግዚአብሔር ካልኩማ በኋላ ምኑን ልመልሰው ጋሼ?»

የወይንሐረግ ስልኩን ደረቷ ላይ አፍና በሳቅ ፈነዳች። ገላውም ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይኼ ነው። ስንቱን ተሳፋሪ በሦስቱ ወንድማማቾች ያደነቆረ ሰው የገዛ ወንድሙን ኤርፖርት ጥሎ የሌላውን ወንድም ይዞ ገባ። ደግሞም ያቺ በመንገድ ላይ ያገኛት ይቅርታ የእሱ አልነበረችም።

«ምን አለ?» አላት ሚስቱን።

«እጠብቀዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ አለ።»

«ተቆጥቷል?»

«እኔ እንጃ፤ ድምፁ ደህና ነው። አንዱን ሰውዬ ሳንቲም ለምኖ ነው የደወለው። ይልቅ ሂድ!»

ወደ ደለስ ሲመለሱ ገላው መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። ሌኽም የለም፣ ቼኽም የለም። ጎኑ የተቀመጠው በፈቃዱ ዝምታው ጨነቀውና በራሱ ማውራት ጀመረ። እናቱ አብረዋቸው ጽዋ የሚጠጡ አንዲት ሴትዮ የእኅታቸው ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደሚኖር፣ ሥዩም እንደሚባል፣ እሱ ይቀበልሃል እንደተባለ ነገረው። «ሊቀበልህ የሚመጣው ሰው ካርቶን ይይዛል ብለውኝ ነበር» አለ። «እርስዎ ግን ምንም አልያዙም፤ እንዲያው እርግጠኛ ነበሩ። ሰው እርግጠኛ ሲሆን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ያሰኛል።» ገላው ይህን ሲሰማ በፖዝናንም በራሱም አፈረ። ወንድሜ እዚያ ሆኖ ምን እያሰበ ይሆን አለ በልቡ። አንዴ በክረምቱ እመጣለሁ ብሎ ቀረበት፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ይዞ ሄደበት።

ደለስ ሲደርሱ የመቀበያው አዳራሽ ጭር ብሏል። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው «በፈቃዱ» የሚል ካርቶን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ቆሟል። ሥዩም ነበር፤ ቤልትዌዩ ተዘግቶበት ዘግይቶ ደርሶ እንግዳውን አጥቶ ሲንቆራጠጥ የቆየ። ከጎኑ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ፣ ትልቁን ፖስታ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ አንድ ወፍራም ወጣት ብርቱካን ይልጣል። የአባቱ ግንባር የለውም፤ ከዓመታት በፊት ከላከው ፎቶም ወፍሯል። ጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ነው። እናቱን ነው ቁርጥ። ገላው አጠገቡ ሁለት ጊዜ ቢያልፍ አያውቀውም ነበር፤ ይህንንም ለራሱ አመነ።

ደሳለኝ ተነሣ። ተሳሳሙ። ጉንጭ ለጉንጭ ብቻ ተነካኩ፤ እንግዳ ሰዎች በለቅሶ ቤት እንደሚሳሳሙት። ገላው እንባ ፈለገ፣ አንዲትም አልመጣችም። ሁሉንም የበፈቃዱ ኮት ላይ አፍስሶት መጥቷል።

«ደሳለኝ» አለ። «እኔ... አባባ...» ቤልትዌዩ ላይ እንደ ውሃ የፈሰሰው ንግግር አሁን አልመጣ አለው። «መንገድ ላይ አሳምሬ ብዬው ነበር እኮ።»

«እውነታቸውን ነው» አለ በፈቃዱ ከኋላ ተሽቀዳድሞ። «በጣም አሳምረው ነው የተናገሩት። ስለ አባታችሁ ይቅርታ ጠየቁኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?» አለው ደሳለኝ።

«ይቅር አልኳቸው።»

ደሳለኝ ሥዩምን አየ፣ በፈቃዱን አየ፣ ከዚያም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ገላው ግን አልሳቀም።

«አውቀኸኝ ነበር?» አለው።

«ገና በሩ ሲከፈት ነዋ ጋሼ። ጠራሁህም። ያኔ እሱን አቅፈህ ታለቅስ ነበር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከኋላህ ስመጣ ያልከውን ሁሉ ሰማሁ። ሮጥኩ፣ አልደረስኩባችሁም።»

«ተቀየምከኝ?»

ደሳለኝ የብርቱካኑን ልጣጭ ኪሱ ከተተ።

«ተቀይሜህ ነበር የመጣሁት» አለ። «የዛሬውን አይደለም፤ የድሮውን። አባባ ሲሞቱ የት ነበርክ የምልህን፣ እማዬ ስትታመም የት ነበርክ የምልህን፣ አውሮፕላን ውስጥ ስሰድረው ነው የመጣሁት። አቅፈህ ብታለቅስብኝ እንኳ ለሰው ዓይን ነው ልልህ ነበር። አንተ ደግሞ እኔን ሳታየኝ፣ እዚያ መኖሬን ሳታውቅ፣ ስለ እኔ ስታለቅስ አየሁህ። ምኑን ለሰው ዓይን ነው ልበለው? የሰደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።»

«ቢመለስልህስ?»

«ከተመለሰልኝ እነግርሃለሁ፤ ቁጭ ብለን። አሁን ርቦኛል። ሚስትህ ዶሮ ሠርቻለሁ ብላኛለች።»

ሥዩም ካርቶኑን አጥፎ በፈቃዱን ይዞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሄድ ተሰናበተ። በፈቃዱ ገላውን ሲስም እሱም በተራው አለቀሰ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀው።

ደሳለኝ ፖስታውን ይዞ ቀደም አለ። የደሳለኝ ሻንጣ ጎማ ነበረው። ገላው ግን ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ጀርባው ላይ አዘለውና ወንድሙን ተከተለው።